ዴቢያን 13፦ ወሬ የሌለው ሲስተም

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ አንዷ ፊደል ከተነቀለች ቆይታለች፤ ከሶኬት ሲነቀል አንድ ሰዓት ከሰራ እሰየው ነው። ቀኑን ሙሉ ኮድ የምጽፍበት፣ ዳታቤዝ የማስነሳበት፣ ማታ ደግሞ ፊልም የማይበት ግን እሱው ነው። ላዩ ላይ የተጫነው ዴቢያን ነው። ከዴቢያን 10 ጀምሮ አብረን ነን፤ አሁን 13 ላይ ደርሰናል። ስለዚህ ይሄ የሁለት ሳምንት ሙከራ አይደለም። አብሮ ኖሮ የተሰላቸ፣ ግን ያልተፋታ ሰው አስተያየት ነው በሉት።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ዴቢያን በሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ እምብርት) ላይ የተሰራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የሚባል ተማሪ ጀመረው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የራሱና የያኔዋ ፍቅረኛው የዴብራ ስም ተገጣጥሞ የወጣ ነው። ባለቤት ኩባንያ የለውም። የሚሰሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መሪያቸውንም በየዓመቱ በድምጽ ይመርጣሉ። ኡቡንቱን የተጠቀመ ሰው ዴቢያንን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ኡቡንቱ የተሰራው ከሱ ላይ ነው። እትሞቹ ስማቸውን የሚያገኙት ከአንድ የአኒሜሽን ፊልም አሻንጉሊቶች ነው። 12ኛው ቡክወርም ነበር፤ በ2025 የወጣው 13ኛው ትሪክሲ ነው። ሁሌም ያልተረጋጋው የሙከራ ክፍል ደግሞ ሲድ ይባላል። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ነው። ቀልድ ያውቃሉ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። አዲስ የፕሮግራም እትም ሲመጣ መጀመሪያ ሲድ ውስጥ ይገባል። የከፋ ችግር ካልተገኘበት ከቀናት በኋላ ወደ ቴስቲንግ ያልፋል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን የቴስቲንግ በር ይዘጋል። አዲስ ነገር አይገባም፤ ያለውን መጠገን ብቻ ነው። ጥገናው ሲያልቅ ስቴብል ተብሎ ይወጣል። እኛ ሰፊው ህዝብ የምንጠቀመው እሱን ነው። ከወጣ በኋላ የደህንነት ጥገና ወይም ከባድ ባግ (የኮድ ስህተት) ካልሆነ በቀር አይነካም። ከርነሉ 6.12 ሆኖ ከወጣ፣ 6.12 ነው።

ስለዚህ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ማታ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። ማንም ቁልፍ ከቦታው አላንቀሳቀሰም። «አዲሱን ገጽታችንን ይጎብኙ» የሚል መስኮት ፊቴ ላይ አይደቀንም። ድሮ የምጠቀምበት ሲስተም (ስሙን ልተወው) ስብሰባ ላይ ስክሪኔን ለሰው እያሳየሁ «ማሻሻያ በመጫን ላይ፣ 14 በመቶ» ብሎኝ ያውቃል። አለቃዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወሬ አለመኖሩ ግን ያስከፍላል። ሎግ ፋይል (ሲስተሙ የተከሰተውን የሚመዘግብበት) የማበጥርበት አንድ ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም አለችኝ። 12 ላይ እያለሁ ባዶ ፋይል ስሰጣት «ሴግሜንቴሽን ፎልት» ብላ ክልትው ትል ነበር። ባዶ ፋይል ደግሞ ብርቅ አይደለም። ሌሊቱን ምንም ካልተከሰተ ሎጉ ባዶ ነው።

አንድ ቀን መረረኝና «አፕት ሶርስ» ብዬ (አፕት የዴቢያን ፕሮግራም መጫኛ ነው) ምንጭ ኮዷን አወረድኩ። ዴቢያን ላይ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። በአንዲት ትእዛዝ የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ይሰጥሃል፣ ልክ አንተ ማሽን ላይ ያለውን እትም። ዲበገር (ስህተት መፈለጊያ) ውስጥ አስገብቼ ሳየው ችግሩ ሩቅ አልነበረም። ፕሮግራሟ ፋይሉን በመስመር በመስመር ትቆጥራለች። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ለማግኘት ከድምሩ ላይ አንድ ትቀንሳለች። ድምሩ ዜሮ ከሆነስ? ቁጥሩ የተያዘው ከዜሮ በታች መውረድ በማይችል ባለ 32 ቢት ዓይነት ነው። ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ ዞሮ 4,294,967,295 ይሆናል። ምስኪኗ አራት ቢሊዮን ምናምነኛውን መስመር ፍለጋ ትሄዳለች። በዚያው ትቀራለች።

ሁለት መስመር ጨምሬ አስተካከልኩት። ኮምፓይል አደረግኩት፤ ሰራ። ደረቴን ነፍቼ ለዴቢያን የባግ መዝገብ ኢሜይል ጻፍኩ። አዎ፣ ኢሜይል፤ መዝገቡ እስካሁን የሚሰራው በኢሜይል ነው። በሁለተኛው ቀን ፓኬጇን የሚንከባከበው ሰው በትህትና መለሰልኝ። ባጉ በዋናው ኮድ ላይ ከዓመት በፊት ተስተካክሏል፤ የሚቀጥለው ስቴብል ሲወጣ ይደርስሃል አለኝ። ከዓመት በፊት! ግማሽ ቀኔን የበላሁት በተፈታ ችግር ላይ ነው። ስቴብል መጠቀም ማለት ይሄ ነው። ሌላው ድኖ የረሳውን በሽታ እናንተ ገና ታስታምማላችሁ። አንድ የስራ ባልደረባዬ ላፕቶፔን «ሙዚየም» ነው የሚለው።

ሙዚየሙን ግን አልለቀቅኩም። ለምን ብትሉኝ የ2024ን ማርች እጠቅሳለሁ።

ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ። የማይገኝበት ሊኑክስ የለም ማለት ይቻላል። ለዓመታት በአንድ በደከመው ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ረዳት መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ አደብ ገዝቶ ሰራ፤ ታመነ፤ አዲስ እትም የመልቀቅ ስልጣን አገኘ። ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር (ሳይፈቀድ ወደ ማሽን የሚያስገባ ድብቅ መንገድ) ሰራ። ክፉውን ኮድ የሙከራ ፋይል አስመስሎ ደበቀው። እሱን የምትቀሰቅሰው ክፍል ደግሞ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረችም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበረች። ማከማቻውን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው እንኳ አያገኛትም ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) ዴቨሎፐር ሲድ ላይ ፍጥነት ሲለካ፣ የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ) ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። እኔ ብሆን ኔትወርክ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ እውነቴን ነው። እሱ አላለፈውም። ክሩን ይዞ እስከ ጓሮው በር ደረሰ።

ኮዱ ሲድና ቴስቲንግ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስቴብል አልደረሰም። ወሬው የተሰማ ዓርብ ማታ ተሯሩጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና እትሙን አየሁ። 5.4.1 ይላል። ባልደረባዬ በዚያ ሰሞን ስለ ሙዚየም አላነሳም።

ከዚህ ተነስቶ «ክፍት ኮድ ነው፣ ስለዚህ አስተማማኝ ነው» የሚለኝ ሰው ግን ያናድደኛል። ክፍት ማለት የታየ ማለት አይደለም። ዴቢያን ራሱ ምስክር ነው። በ2006 አንድ የስህተት መፈለጊያ መሳሪያ ስላጉረመረመ፣ በዴቢያኑ የኦፕንኤስኤስኤል (መረጃ መመስጠሪያ) ፓኬጅ ውስጥ ጥቂት መስመር ተቆርጦ ወጣ። የወጣው ክፍል የምስጢር ቁልፍ ሲፈጠር የዘፈቀደ ቁጥር የሚመግብ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚለያየው የፕሮሰሱ ቁጥር (ሲስተሙ እየሰራ ላለ ፕሮግራም የሚሰጠው) ብቻ ሆነ። ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ የነበረው አማራጭ 32,768 ያህል ብቻ ማለት ነው። ይሄን የኔም ላፕቶፕ ሞክሮ ይጨርሰዋል። እስከ ሜይ 2008 ድረስ ነቄ ያለ አልነበረም። ኮዱ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ለማንም ክፍት ነበር። ሲታወቅ አልደበቁትም። በአደባባይ ተናገሩ፤ ሁሉም ቁልፉን እንዲቀይር ነገሩ፤ ደካማ ቁልፎችን የሚለይ መሳሪያም ለቀቁ። እኔ ክፍት ኮድን የምወደው ለዚህ ነው። አይሳሳትም ብዬ አይደለም። ሲሳሳት የትኛው መስመር፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ምክንያት እንደተቀየረ ዛሬም ገብቼ ማንበብ ስለምችል ነው።

ወደ 13 የተሻገርኩት ቅዳሜ ዕለት ነው። መጀመሪያ ፋይሎቼን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ የፓኬጅ ምንጮች በተጻፉበት ፋይል ውስጥ ቡክወርም ያለውን ሁሉ ትሪክሲ ብዬ ቀየርኩ። የቀረው አፕት ላይ ጥቂት ትእዛዝ ነው። መሃል ላይ ቆሞ ይጠይቃል፦ ይሄን የማስተካከያ ፋይል ነካክተኸዋል፤ ያንተን ላቆየው ወይስ አዲሱን ላድርግ? ልዩነቱንም ያሳያል። ዝም ብሎ አይደፋባችሁም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተጠናቀቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጉድ ፈላ። ትልቅ የዳታቤዝ ቅጂ ስላሽ ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማህደር) ውስጥ እየዘረገፍኩ ሳለ ቦታ ሞልቷል አለኝ። ዲስኩ ላይ 200 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ! ዲስኩ ተበላሸ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። «ዲኤፍ» ብዬ ቦታውን ሳይ ስላሽ ቴምፕ 3.9 ጊጋ ብቻ ነው። ለካ 13 ላይ ስላሽ ቴምፕ ከዲስክ ወጥቶ ሜሞሪ ላይ ሰፍሯል፤ ጣሪያውም የራሙ ግማሽ ነው። የልቀት ማስታወሻው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ወደ ድሮው እንዴት እንደሚመለስም ጭምር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፣ አለቀ። እናንተ ማስታወሻውን ቀድማችሁ አንብቡት።

ስለ ዴስክቶፑ ብዙ የምለው የለኝም። ገጽታውን የሚሰራው ፕሮግራም ኖም 48 ነው፤ ከ12ቱ ቀለል ብሎኛል። ዋይፋይ በፊት የዴቢያን ሰው የጋራ ሰቆቃ ነበር። 10ን ስጭን የዋይፋዩ ቺፕ ያለ ዝግ ፈርምዌር (ቺፑን የሚያስነሳ፣ ኮዱ ያልተከፈተ ሶፍትዌር) አልነሳም ብሎኝ፣ ስልኬን በገመድ ሰክቼ ነው ኢንተርኔት ያገኘሁት። በ2022 አባላቱ ድምጽ ሰጥተው ከ12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር ይመጣል። ለመርህ ጥብቅ የሆኑት አልወደዱትም። እኔ ወድጄዋለሁ።

ላፕቶፑን ትናንት ከካርቶኑ ላወጣው ሰው ዴቢያንን አልመክርም። ሃርድዌሩ ከከርነሉ ሊቀድም ይችላል። የድሮ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ያለውም ይርሳው፤ 13 እዚያ ላይ አይጫንም። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን የቅርብ እትም የሚፈልግ እንደኔ ኮንቴይነር (ከሲስተሙ የተነጠለ ክፍል) ውስጥ ያስቀምጠው እንጂ ከአፕት አይጠብቅ። ሰርቨር ለሚያስተዳድር፣ ወይም እንደኔ ላፕቶፑ ትዝ እንዲለው ለማይፈልግ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ አለው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ደግሞ ሌላ ቡድን የደህንነት ጥገናውን ይቀጥላል።

ያን ቅዳሜ፣ ማሽኑ ተነስቶ ሲያልቅ፣ ከሁሉም በፊት ተርሚናል ከፈትኩ። «ተች» ብዬ ዜሮ ባይት ፋይል ፈጠርኩና ለዚያች ፕሮግራም ሰጠኋት። ምንም አላለችም። ኩርሰሩ አንድ መስመር ወረደና ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ።