የተነሳ መኪና ሲንቀጠቀጥ፦ ሽም፣ ካምቢዮ ማውረድ ወይስ ድርብ ክሮቼራ?

መኪናውን ለክረምቱ ብላችሁ ከፍ አስደረጋችሁት። ባሌስትራው ተቀየረ፣ ጎማውም ተለቀ፣ የሰከላና የቋሪት ጭቃ አያስፈራችሁም። ከዚያ አስፋልት ወጥታችሁ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትነዱ 70 ወይም 80 ላይ ወለሉ ይንዘረዘራል፣ የማርሽ ዱላው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጎማ ባላንስ አስደረጋችሁ፣ ለውጥ የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ አክስሉ ኃይል የሚያስተላልፈው የትራንስሚሽን ዘንግ ማዕዘን ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ሰማይና ምድር። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ሁለት ቁጥር ሳትይዙ አንድ ብር እንዳታወጡ።

ክሮቼራ፣ ማለትም ዘንጉን ጫፉ ላይ የሚያያይዘው የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ፣ ዘንበል ብሎ ሲዞር እኩል አይዞርም። የሚያዞረው ጫፍ በአንድ ፍጥነት ቢሄድም የሚዞረው ጫፍ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በ3 ዲግሪ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም፣ በ10 ዲግሪ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ፋብሪካው ይህንን የሚያጠፋው ዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሁለተኛ ክሮቼራ በማድረግ ነው፤ የላይኛው ያበላሸውን የታችኛው ይመልሰዋል። የሚመልሰው ግን ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። መኪናው ሲነሳ የሚበላሸው ይሄ እኩልነት ነው፣ ወይም እኩልነቱ ሳይነካ ማዕዘኖቹ ራሳቸው ከልክ በላይ ይሰፋሉ። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ከመግዛት በፊት፣ ከመኪናው ሥር

በነፃ የሚታይ ነገር አለ። ዘንጉ ተፈትቶ ሲገጠም የሚንሸራተተው ጥርስ በአንድ እንኳ ከዘለለ ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ሹካዎች ይዛነፋሉ፣ ያኔ ማዕዘኑን የቱንም ያህል ብታስተካክሉ መንቀጥቀጡ አይጠፋም። ስለዚህ ሜካኒኩ ዘንጉን ከመፍታቱ በፊት በቀለም ወይም በነጥብ ምልክት ያድርግበት። ቀጥሎ የክሮቼራውን አራት ቆቦች እዩ። በቆቡ ጎማ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት ካለ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ግራሶ አልቆባቸው ዝገዋል ማለት ነው። ዘንጉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ስታወዛውዙት ቀጭ ቀጭ ካለም ያው ነው። እንዲህ ያለውን ክሮቼራ መጀመሪያ ቀይሩ፣ ስለ ማዕዘን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ለመለካት ማግኔት ያለው ትንሽ ዲጂታል የዲግሪ መለኪያ ይበቃል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በራሱ ጎማ ይቁም። በክሪክ ሰቅሎ መለካት ትርጉም የለውም፣ አክስሉ ሲንጠለጠል ሁሉም ማዕዘን ይለወጣላ። ዘወትር ከወንበርማ በቆሎ፣ ከብቸና ጤፍ የምትጭኑ ከሆነ ጭናችሁ ለኩ። የሚለካው ሦስት ቦታ ነው፦ ከትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚወጣው ፍላንጅ (ዘንጉ የሚታሰርበት ክብ ብረት)፣ ዘንጉ ራሱ፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበት ጫፍ)።

በምሳሌ እንየው። ፍላንጁ ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ያዘቀዝቃል እንበል፣ ዘንጉ 11 ዲግሪ፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ደግሞ 1 ዲግሪ ብቻ ቀና ብሏል። የላይኛው ክሮቼራ የሚሠራው በ7 ዲግሪ (11 ሲቀነስ 4)፣ የታችኛው በ10 ዲግሪ (11 ሲቀነስ 1) ነው። እንግዲህ ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ የሁለቱ ልዩነት 3፣ ትልቁ ማዕዘን 10። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ማዕዘኑ ደግሞ ስንት ቢሆን ይፈቀዳል ለሚለው መልሱ ፍጥነት ነው። ስፓይሰር የተባለው የክሮቼራ አምራች ባወጣው ሰንጠረዥ ዘንጉ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ጣሪያው 8 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ነው (ይሄኛው ደቂቃ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው)፣ በ3,000 ዙር 5 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ይሆናል። 31 ኢንች ጎማና 4.1 ዲፈረንሻል ያለው መኪና በ80 ሲሄድ ዘንጉ 2,200 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ በ100 ደግሞ ወደ 2,800 ይጠጋል። ስለዚህ በ80 ለሚነዳ ሰው ጣሪያው 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 ለሚበር ግን 6 ተኩል አይሞላም።

ሽም

በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የሚገባ፣ አንዱ ጫፉ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆነ ብረት ነው። 2፣ 4፣ 6 ዲግሪ እየተባለ ይሸጣል። የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፦ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና ወይም ደፋ ያደርጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ አፍንጫውን 3 ዲግሪ ቀና ብታደርጉት ከ1 ወደ 4 ይመጣል፣ ሁለቱም ክሮቼራዎች 7 ላይ እኩል ይሆናሉ። በ80 ለሚነዳ ሰው ነገሩ እዚያው አለቀ።

ለጎጃም የጭነት ፒክአፕ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፣ በተለይ መኪናው የተነሳው 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ። 1.2 ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት የሚጨምረው 2 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፣ ያንን ፋብሪካው የሠራው ዘንግ ይችለዋል። በረጅም ሻክል (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ብረት) የተነሳ መኪና ደግሞ ሽም የግድ ይለዋል፤ የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ሲወርድ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ስለሚል።

ስትገዙ ግን የብረቱን ግዙ። የአሉሚኒየሙ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ዳሩ ግን በጭነት ይደቅቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ተሸራርፎ ከቦታው ይወጣል። አንድ ኩንታል ሁለት ኩንታል እያልን በምንጭነው መኪና ላይ እሱን ማስገባት ለእኔ አይታሰብም። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ ይዙር፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ወደ ፊት። ገጣሚው ይህንን ካገላበጠው መንቀጥቀጡ በእጥፍ ይመጣል፤ ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ እዚያው ቆማችሁ እንደገና አስለኩ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ-ቦልትም አዲስ ይሁን፣ ለሽሙ ውፍረት የሚበቃ ጥርስ ያለው፣ 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና የሚጠብቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ሰላም ሆኖ፣ ከአባይ በረሃ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ ብቻ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሽም አያድነውም። ያ የደከመ ባሌስትራ ነው፤ ጉልበት ሲመጣበት ይጠመዘዝና አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን ባሌስትራው ላይ አውሉ።

ካምቢዮ ማውረድ

ካምቢዮውን የሚሸከመውን ብረት ከሻንሲው በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ቱቦ ዝቅ ማድረግ ነው። ርካሽ ነው፣ ማንም ቶርኖ ቤት ይቆርጠዋል። የላይኛውን ክሮቼራ ማዕዘን ይቀንሳል። እኔ ግን አልወደውም። መኪናውን ያነሳችሁት ከሥሩ ክፍተት ለማግኘት ነው፣ ይሄ ደግሞ ዋልካው ውስጥ መጀመሪያ የሚጋጨውን ቦታ መልሶ ያወርደዋል። ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚዘነበል ማራገቢያው ከመሸፈኛው ጋር ሊነካካ ይችላል፣ የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹና የውኃ ቱቦዎቹም ይወጠራሉ። የፊቱን ዘንግ ብዙም አይጠቅመውም፤ በቁመት ያተረፋችሁትን ሞተሩ በመዘንበሉ ትመልሱታላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፍላንጁ ማዕዘን ስለተለወጠ አፍንጫውን በሽም ማስተካከል ሊቀር አይችልም። ጊዜያዊ መላ ለሚፈልግ ይሁን፤ ለዘለቄታው አይሆንም።

ሃይሉክስ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዘንጉ ለሁለት የተከፈለና መሐሉ ላይ ኩሽኔታ ያለው ከሆነ፣ ችግሩም መኪናው ከቆመበት በአንደኛ ማርሽ ሲነሳ የሚመጣ መርገብገብ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚገዛው የመሐል ኩሽኔታውን ዝቅ የሚያደርገው ቁራጭ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚሰጠው እፎይታ ግን ትልቅ። የኩሽኔታው ጎማ ከተቀደደ ግን ቁራጩ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ድርብ ክሮቼራ ያለው ዘንግ

በትራንስፈሩ በኩል ሁለት ክሮቼራ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሐላቸው ላይ አንድ ኳስ ያማክላቸዋል። ሁለቱ ትልቁን ማዕዘን ተካፍለው እዚያው እርስ በርስ ያጠፉታል። አጭር መኪና ላይ፣ ወይም 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በተነሳ ላይ፣ በተለይ በ100 መንዳት ለሚፈልግ ሰው፣ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው። ፓትሮልና አጭሩ ላንድክሩዘር ያላችሁ ይሄን አስቡበት።

ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። በዚህ ዘንግ የታችኛው ክሮቼራ ብቻውን ስለሚቀር የሚያስተካክለው ሌላ የለም። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ በቀጥታ ወደ ዘንጉ ማየት አለበት፣ ባሌስትራ ላለው መኪና 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፤ ነዳጅ ሲረገጥ ራሱ ቀና ይላልና። በምሳሌያችን ላይ ይህ ማለት አፍንጫውን ከ1 ዲግሪ ወደ 9 ወይም 10 ማንሳት ነው። 8 ዲግሪ ሽም አላስገባም። የአክስሉ መቀመጫ ተቆርጦ በትክክለኛው ማዕዘን እንደገና መበየድ አለበት፣ የዲፈረንሻሉ ዘይትም ከፍ ይበል፤ አፍንጫው ሽቅብ ሲያይ የፊተኛው ኩሽኔታ ዘይት ያጥረዋልና። ዘንጉን ብቻ ገዝቶ አፍንጫውን እንደነበረ መተው ብሩን አባይ ውስጥ መጣል ነው።

ሌላው ኳሱ ነው። አቧራና ጭቃ አይወድም፣ ግራሶ ሳይዘለል ይፈልጋል፣ የግራሶ መግቢያውም ዘንጉን በእጅ እያዞራችሁ ካልፈለጋችሁት አይታይም። ከመግዛታችሁ በፊት የኳሱ ጥገና ዕቃ ለብቻው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተገኘ አትግዙት፤ ማንሳቱን በ5 ሳንቲ ሜትር ቀንሳችሁ በሽም መሄድ ይሻላችኋል።

የፊት አክስል

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው 79 ላንድክሩዘር የፊቱ ጥቅልል ሞላ ነው፤ ባሌስትራው የኋላ ብቻ ነው። የፊቱ ሲነሳ መሪው ራሱን እንዲመልስ የሚያደርገው ካስተር ይቀንሳል፣ መኪናውም አስፋልት ላይ ይዋልላል። ካስተሩን ለመመለስ ማካካሻ ቡሽ ወይም የተለየ ክንድ ይገዛል። ችግሩ አክስሉ ካስተር ለማግኘት ሲዞር የፊቱ ዲፈረንሻል አፍንጫ ይደፋል፣ የዘንጉ ማዕዘንም ይከፋል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማግኘት አይቻልም።

እኔ የምለው ካስተሩን ምረጡ። ፍሪ ዊል ሀብ (የፊቱን ጎማ ከአክስሉ የሚያላቅቅ መቆለፊያ) ያለው መኪና ሀቡ ሲለቀቅና ባለ ሁለት እግር ሲነዳ የፊቱ ዘንግ አይዞርም፤ የሚዞረው ጭቃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ማዕዘኑ አይሰማም። አስፋልት ላይ የሚገድለው የሚዋልል መሪ ነው። ሁልጊዜ በአራት እግሩ የሚሄደው 80 ላንድክሩዘር ላይ ግን የፊቱ ዘንግ ቀን ከሌት ስለሚዞር፣ ካስተሩን አስተካክላችሁ የፊቱን ዘንግ በድርብ ክሮቼራ መቀየሩ ያወጣችሁበትን ዋጋ ያወጣል።