በአንድ ዋጋ፦ አዲስ ርካሽ ሳይክል ወይስ ያገለገለ?

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ማርሽ የሌለው ሳይክልም ያዋጣል። ስለዚህ በተቀራራቢ ዋጋ ከካርቶን የወጣ አዲስና ዓመታት የሠራ አሮጌ ሳይክል ፊታችሁ ከቆሙ፣ የማርሹን ብዛት ተዉትና ማን እንዴት እንዳሰረው እዩ።

የአዲሱ ጣጣ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ተበታትኖ ይመጣና ሱቅ ደጃፍ ላይ በጥድፊያ ይታሰራል። የእኔ በሦስተኛው ቀን አቶቴ አካባቢ የግራ ፔዳሉ ተነቅሎ ወደቀ። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ገጣጣሚው እንደ ቀኙ በግድ አዙሮት ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ጥርስ በልቶታል። ፔዳሉ ሳይሆን ክንዱ ነው ያከሰረኝ። የፊት ሹካው ዞሮ የተገጠመ ሳይክልም አይቻለሁ፤ የሹካው ጫፍ ወደ ነጂው ከጎበጠ እንዳትወጡበት።

ያገለገለው ደግሞ ድካሙን ይደብቃል። መሪው የሚገባበትን ቱቦ ሥሩን በጣታችሁ ዳብሱት። ሌላው ቀለም አርጅቶ እዚያ ጋ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ፣ ስንጥቅ ወይም ብየዳ ሊኖር ይችላልና ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ፣ በአዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ያልጠበቀ ዳዶ ነው፤ በአሮጌው ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ፍሬን ላይ ሁለቱንም እኩል ጠርጥሩ። ሸራው የሚነክሰው ቸርኬውን እንጂ ጎማውን መሆን የለበትም፤ ጎማውን ከፋቀ አንድ ቀን ይፈነዳል። ማግኔትም ኪሳችሁ ያዙ (እኔ የተጠቀምኩት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ነው)። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ብረት ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ፍሬን በደንብ አይዝለትም። ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው፤ እሱን ምረጡ። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ኮርቻውን ስታነሱ የዘንጉ የገደብ ምልክት ብቅ እንዳይል።

ሳይክል የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ አሮጌው ይሻላል፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ሌላው ይቀየራል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን አዲሱን ግዙና ከሱቁ በቀጥታ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ ፔዳሉን፣ መሪውንና ጎማዎቹን ፈቶ እንደገና ይሰርላችሁ። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ አዲስ የፍሬን ሽቦ ይላላል፣ ራጂውም (የቸርኬው ቀጫጭን ዘንጎች) ይረግባል። እስከዚያ የታቦር ተራራን ቁልቁለት ተዉት።