ፕሮፕራኖሎል፣ ሲሮሊመስ፣ አልፔሊሲብ ወይስ ትራሜቲኒብ? ለደም ሥርና ለሊምፍ ሥር መዛባት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ

በሕፃን ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት ሲታይ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው አስተያየት «ማርያም የሳመችው ነው» የሚል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ቢያበቃም ጉዳት የለውም። ምልክቱ እያበጠ ሲሄድ፣ ሲቆስልና ሲደማ፣ ወይም ዐይንን ሲጋርድ ግን ቤተሰብ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። በፍለጋውም በየፋርማሲው ከሚገኝ ርካሽ የልብ መድኃኒት ጀምሮ ለጡትና ለቆዳ ካንሰር እስከተሠሩ ውድ ክኒኖች ድረስ በአንድ ርዕስ ሥር ተደርድረው ያገኛቸዋል። እንዲህ ያለው አደራደር አሳሳች ነው፤ ከዚህ በታች የምናነጻጽራቸው አራት መድኃኒቶች አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው የሚያክሙት ሕመም የተለያየ ነውና። ስለዚህ የሕመሙ ትክክለኛ ስም ሳይታወቅ የሚገዛ መድኃኒት ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ ውድ ነው።

የስሙ ነገር ቀላል አይደለም። «ሄማንጂዮማ» የሚለው ቃል ለማንኛውም የደም ሥር እብጠት ሁሉ ሲለጠፍ ኖሯል፤ ዛሬም በሕክምና ወረቀቶች ላይ እንዲሁ በጅምላ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት አመዳደብ እነዚህን ሕመሞች ለሁለት ከፈላቸው። በአንደኛው ወገን ሕዋሳቱ የሚባዙበት፣ እንደ ዕጢ የሚያድግ እብጠት አለ፤ የሕፃናት ሄማንጂዮማ ከዚህ ወገን ነው። በሌላው ወገን ያለው በፅንስ ጊዜ ተዛብቶ የተሠራ ደም ሥር ወይም የሊምፍ ሥር ነው፤ ይህ ሕፃኑ ሲወለድ አብሮት ያለ፣ ከአካሉ ጋር የሚያድግና በራሱ የማይጠፋ ነው። ሄማንጂዮማ ግን ብዙውን ጊዜ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቅ ይላል፣ በፍጥነት ያብጣል፣ አብዛኛውን እድገቱን እስከ አምስተኛው ወር ይጨርሳል፣ ከዚያም በዓመታት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። ይህን የጊዜ ታሪክ ከእናትየው በላይ የሚያውቀው ስለሌለ፣ በየሳምንቱ የተነሱ የስልክ ፎቶግራፎች ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣሉ።

ሕመሙ በእርግጥ የሕፃናት ሄማንጂዮማ ከሆነ፣ ምርጫው ብዙ አያከራክርም፤ ፕሮፕራኖሎል ነው። ጥቅሙ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ በአፍንጫው ላይ ሄማንጂዮማ የነበረበትና ስቴሮይድ ይወስድ የነበረ ሕፃን ልቡ ስለታመመ ፕሮፕራኖሎል ሲታዘዝለት፣ እብጠቱ መልኩን ቀይሮ ሟሸሸ፤ ሐኪሞቹም ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው 460 ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ደግሞ፣ በቀን በኪሎግራም 3 ሚሊግራም ለስድስት ወር ከወሰዱት መካከል 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ወይም ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው መክሰሙን ሲያሳይ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው መካከል ይህ የታየው በ4 በመቶው ብቻ ነበር። በአራቱ መድኃኒቶች ውስጥ ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ ያለው ሌላ የለም።

ሆኖም ርካሽነቱና በቀላሉ መገኘቱ ራሱ አደጋ አለው። ለሕፃናት የተዘጋጀው ፈሳሽ በማይገኝበት ቦታ፣ ለአዋቂ የተሠራውን ባለ 40 ሚሊግራም ፍሬ ቆርሶ መስጠት የሚታሰብ አማራጭ ነው። ክብደቱ አራት ኪሎ ለሆነ ሕፃን የመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ጊዜ መጠን ግን የዚህን ፍሬ አንድ አሥራ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ በቢላዋ የሚቆረስ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ መድኃኒቱን መጠኑ በሚታወቅ ፈሳሽ ማዘጋጀት የሚችል ፋርማሲስት መፈለግ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ፣ አስም ያለበትን ልጅ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን የደም ስኳር መውረድ ነው፤ ስለሆነም የሚሰጠው ሕፃኑ ከጠባ ወይም ከተመገበ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ካስመለሰው ወይም ጡት እምቢ ካለ የዚያ ሰዓት መጠን ይዘለላል። ትንሽና ወደ ቆዳ ውስጥ ያልጠለቀ ሄማንጂዮማ ከሆነ ለዐይን ግፊት የሚታዘዘው ቲሞሎል በላዩ ላይ ጠብ እየተደረገ ሊበቃ ይችላል። ዐይን፣ ከንፈር፣ አፍንጫ ወይም አገጭ አካባቢ ያለ እብጠት ግን ቆይተን እንየው የሚባል አይደለም፤ ሐኪም ሊያየው የሚገባው ሕፃኑ አንድ ወር ሳይሞላው ነው።

ፕሮፕራኖሎል የማይሠራው አብሮ በተወለደ የሥር መዛባት ላይ ነው። ወላጆች «ስድስት ወር ሰጠነው፣ ምንም ለውጥ የለም» ሲሉ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መድኃኒቱ ሳይሆን የሕመሙ ስም ነው።

በዚህኛው ወገን የመጀመሪያው ተመራጭ ሲሮሊመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከኢስተር ደሴት ከተወሰደ አፈር ውስጥ በተገኘ ባክቴሪያ የሚመረተው ይህ መድኃኒት በአሜሪካ በ1999 የተፈቀደው የተተከለ ኩላሊት በሰውነት እንዳይጠላ ለመከላከል ነበር። ሕዋስ እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያዘውን ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን ስለሚገታ፣ የሊምፍ ሥር መዛባት ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአሜሪካ ሙከራ፣ ስድስት ወር ከወሰዱ በኋላ ከተገመገሙ 57 ታካሚዎች መካከል 47ቱ በከፊል ተሻሽለዋል። በተለይ የሚጠቅመው ጥቃቅን ከረጢት ለበዛበት የሊምፍ እብጠት፣ ፈሳሽ ለሚያዥ ቆዳ፣ እንዲሁም ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፕሌትሌት አሟጦ ሕይወትን ለሚያሰጋው፣ ካፖሲፎርም ሄማንጂዮኤንዶቴሊዮማ ለተባለው የደም ሥር ዕጢ ነው።

ገዢው እዚህ ላይ ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት። በፈረንሳይ ከ6 እስከ 18 ዓመት በሆኑ 59 ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ የደም መልስ ሥር መዛባት በኤምአርአይ ሲለካ መጠኑ እምብዛም እንዳልቀነሰ፣ መድማትና ማዠት ግን እንደተሻሻለ አሳይቷል። እብጠቱ ከዐይን እንዲጠፋ የሚፈልግ ቤተሰብ ሊያዝን ይችላል፤ ልጁ ሌሊት እንዲተኛና ልብሱ እንዳይርስ የሚፈልግ ግን ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም። መድኃኒቱ ሲቆም ምልክቶቹ የሚመለሱባቸው ታካሚዎች ስላሉም፣ ስሌቱ የስድስት ወር ሳይሆን የዓመታት ነው።

ከሲሮሊመስ ጋር አብሮ የሚገዛ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ክትትል ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት፣ የደም ቅባትና የደም ሕዋሳት ይታያሉ፣ የአፍ ቁስለት የተለመደ ነው። የበሽታ መከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ትኩሳት በመጣ ቁጥር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፣ እንደ ኩፍኝ ያለ ሕያው ተሕዋስያንን የያዘ ክትባትም ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። ለእኛ አገር ታካሚ ደግሞ ጎላ ብሎ መነገር ያለበት ጉዳይ የሳንባ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን ሲሮሊመስ በእጅጉ ያወርደዋል፤ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ ሕክምናና ኬቶኮናዞል ግን በተቃራኒው ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ የመጠኑ ምርመራ የት እንደሚሠራ ሳይታወቅ መጀመር፣ መብራቱ የማይሠራ መኪና ይዞ በሌሊት መንገድ እንደመውጣት ነው።

አልፔሊሲብ የሚሠራው ሕዋስን በሚያሳድገው በዚሁ የትእዛዝ መንገድ ላይ፣ ነገር ግን ወደ ምንጩ ጠጋ ብሎ ነው። ሲሮሊመስ ውኃውን ከማሳው አጠገብ ሲገድብ፣ አልፔሊሲብ ከቦዩ አፍ ላይ ይዘጋዋል ማለት ይቻላል። ፒአይኬ3ሲኤ በተባለው ዘረመል ላይ የሚከሰት ለውጥ የብዙ ሊምፍ መዛባቶችና የአንድ ወገን እጅ፣ እግር ወይም ፊት ከመጠን በላይ የማደግ ሕመሞች ምክንያት ሲሆን፣ ይህ ለውጥ ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን በፅንስ ጊዜ በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ ብቻ የሚፈጠር ነው። በዚህም የተነሳ ከክንድ የተቀዳ ደም ሲመረመር ውጤቱ ንጹሕ ሊመጣ ይችላል፤ ናሙናው መወሰድ ያለበት ከታመመው ቦታ ነው። በፓሪስ ኔከር ሆስፒታል የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በ19 ታካሚዎች ላይ ያገኘውን መሻሻል አሳወቀ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ሕመማቸው ለጠናባቸው ታካሚዎች በተፋጠነ አሠራር ፈቀደው። የተፋጠነ ፈቃድ ማለት ግን ማስረጃው ገና መሟላት አለበት ማለት ነው። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ37 ታካሚዎች መካከል የእብጠታቸው መጠን በሃያ አራተኛው ሳምንት ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የቀነሰላቸው 10 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ሕመማቸው የጠናባቸው ሰዎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው፣ አልፔሊሲብ የሚጠይቀው የደም ውስጥ መጠን ምርመራን ሳይሆን የደም ስኳር ክትትልን ነው፤ ስኳር ያለበት ወይም በቤተሰቡ ስኳር የበዛበት ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል። የሚወሰደው ከምግብ ጋር ሲሆን ተቅማጥና የአፍ ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። በእኔ ግምት የዘረመሉ ለውጥ በናሙና ያልተረጋገጠለት ሰው ለአልፔሊሲብ ገንዘብ ማውጣት የለበትም፤ ሲሮሊመስ ግን ያለ ዘረመል ምርመራም፣ የሕመሙ ዓይነት በደንብ ከታወቀ፣ ሊጀመር ይችላል። በተለይ የደም መልስ መዛባት ከፒአይኬ3ሲኤ ይልቅ ቴክ በተባለው ዘረመል ለውጥ የመጣ ከሆነ፣ ሲሮሊመስ የተሻለ ምክንያታዊ ምርጫ ነው።

አራተኛው ትራሜቲኒብ የተለየ መንገድ ይገታል፤ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ለሜላኖማ ነበር። ስሙ የተነሳው በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሮሊመስ ያልረዳው፣ የሊምፍ ሥሮቹ ተዛብተው ፈሳሽ በአካሉ የተጠራቀመበት የ12 ዓመት ልጅ በዚህ መድኃኒት ትንፋሹ ከመሻሻሉም በላይ ሥሮቹ መልሰው ቅርጽ መያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም ነው። ተስፋው ትልቅ ነው፤ የአንድ ልጅ ታሪክ ግን የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ደም ቅዳና ደም መልስ ያለ ቀጭን ሥር በቀጥታ የሚገናኙበት፣ ደም በኃይል የሚፈስበት መዛባትም ሲሮሊመስን እምብዛም ስለማይሰማ፣ ዐይን ሁሉ ወደዚህ መድኃኒት ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ መዛባት ካለባቸው 72 ሰዎች በ45ቱ ላይ ኬራስ የተባለው ዘረመል መለወጡን አግኝቷል፤ ይህም መድኃኒቱ የት ሊያነጣጥር እንደሚችል ያሳያል እንጂ ማዳኑን አያረጋግጥም። የልብን የመግፋት ጉልበት ሊቀንስ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ፣ የዐይን ብሌን ጀርባ ሊጎዳ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድና የዐይን ምርመራ በማይገኝበት ቦታ መጀመር የለበትም።

በዘር የሚተላለፍና ተደጋጋሚ ነስር የሚያመጣ የደም ሥር መስፋት ላለባቸው አዋቂዎች ደግሞ ምርጫው ከአራቱ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና 144 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ፖማሊዶማይድ ነስሩን መቀነሱን አሳይቷል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ቤቫሲዙማብም አማራጭ ነው። ፖማሊዶማይድ ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ያደረገው የታሊዶማይድ ዘመድ ስለሆነ፣ ልጅ ልትወልድ በምትችል ሴት እጅ ላይ ያለ ጥብቅ ጥንቃቄ አይሰጥም።

በውጭ ያለ ዘመድ መድኃኒት በሻንጣ የሚልክ ከሆነ፣ ከግዢው በፊት የሚጠየቁ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የሲሮሊመስ ፈሳሽ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ከተከፈተ በኋላም የሚያገለግለው ለአንድ ወር ነው፤ ፍሬው ማቀዝቀዣ ባይፈልግም አይፈጭም፣ አይቆረስም፤ ስለዚህ ክኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን ፍሬ መላክ ችግሩን አይፈታም። የትራሜቲኒብ ፍሬም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ አልፔሊሲብ ግን አይፈልግም። የመጀመሪያው ብልቃጥ ከማለቁ በፊት ሁለተኛው ከየት እንደሚመጣ፣ ከሦስት ወር በኋላም ማን እንደሚከፍል ካልታወቀ፣ ሐኪሙን ማነጋገር የሚሻለው ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ነው፤ ለትልልቅ የሊምፍ ከረጢቶች ሐኪሙ እብጠቱ ውስጥ ብሊዮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን በመርፌ መስጠትን በአማራጭነት ሊያቀርብ ይችላልና።