ብሪታንያና ጀርመን፦ ለአዲሶቹ አባላት ማን የተሻለ በር ከፈተ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2004 አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀሉ። ነባሮቹ 15 አባላት ግን ከፖላንድ፣ ከሊትዌኒያና ከሌሎች ስድስት የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የሚመጣን ሠራተኛ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ የመገደብ መብት ነበራቸው። ብሪታንያና ጀርመን መንገዳቸው የተለያየው እዚህ ላይ ነው።

ብሪታንያ ከአየርላንድና ከስዊድን ጋር በዚያው ቀን በሯን ከፈተች። መንግሥት ያስጠናው ግምት በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ይጨመራል የሚል ነበር፤ የመጣው ግን በብዙ እጥፍ በለጠ። ሌሎቹ ትልልቅ አገሮች በራቸውን መዝጋታቸውም ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል። ያም ሆኖ ፖላንዳዊው የመጋዘን ሠራተኛ ተመዝግቦ፣ ግብር እየከፈለ፣ በሕግ ፊት ቀና ብሎ ሠራ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጣው ቆይቶ መጣና ብሪታንያ ከኅብረቱ እንድትወጣ በተወሰነበት የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ስደት ዋና መከራከሪያ ሆነ። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው በሩ በመከፈቱ ሳይሆን፣ ሰው ለበዛባቸው ከተሞች ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት በጊዜው ባለመታሰቡ ነው።

ጀርመን እስከ 2011 ጠበቀች። ሥራ አጥ በዝቶባት ስለነበር ስጋቷ ይገባኛል። ሆኖም ገደቡ ተቀጣሪን እንጂ በራሱ ስም የሚሠራን አይነካም ነበር። ስለዚህ ብዙ ግንበኞችና የወለል ንጣፍ ሠሪዎች በወረቀት ላይ የግል ሥራ ባለቤት፣ በተግባር ግን የቀን ሠራተኛ ሆነው ገቡ፤ የቅጥር ሕግ ከለላም አልነበራቸውም።

ስለዚህ ምርጫዬ የ2004ቷ ብሪታንያ ናት። የሚያሳዝነው፣ እሷም በ2007 ለገቡት ሮማንያና ቡልጋሪያ እስከ 2014 ድረስ ገደብ ጣለችባቸው።