የቆየ የስኩባ ሬጉሌተር፦ ሰርቪስ ይደረግ ወይስ ይተካ? ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

ሁለት የቆዩ ሬጉሌተሮች፣ ማለትም ከሲሊንደር የሚመጣውን አየር ለጠላቂው የሚሰጡ መሣሪያዎች፣ አሉኝ። አንዱን የዛሬ 17 ዓመት አዲስ ሆኖ የገዛሁት ሲሆን፣ ሌላውን የተረከብኩት መጥለቅ ካቆመ ወዳጄ ነው። ሁለቱም ለ6 ዓመታት ያህል ቦርሳ ውስጥ ተኝተው ስለነበር፣ ወደ ውኃ ልመለስ ስል መጀመሪያ የገጠመኝ ጥያቄ ሰርቪስ አስደርጌ ልጠቀምባቸው ወይስ ትቻቸው አዲስ ልግዛ የሚል ነበር። በመጨረሻ አንዱን አስጠገንኩ፣ ሌላውን አሰናበትኩ። ከዚያ ወዲህ በተጠገነው 61 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ያሰናበትኩት በመለኪያ ሲፈተን ጤነኛ የመሰለውን ነው፤ ለራሴ ያስቀረሁት ደግሞ በግልጽ የታመመውን። ምክንያቱን በዝርዝር ማስቀመጥ የፈለግሁት፣ ተመሳሳይ ውሳኔ የሚጠብቀው ሰው የዕቃውን ዕድሜ ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ ስለምሻ ነው።

የሬጉሌተር ሥራ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚታሰረው የመጀመሪያው ደረጃ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነውን ግፊት በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ከ9 እስከ 10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መካከለኛ ግፊት ያወርደዋል። አፍ ላይ የሚያዘው ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ጠላቂው በሳበ ቁጥር አየሩን በዙሪያው ባለው ግፊት ልክ ይሰጠዋል። ኤሚል ጋኛን እና ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1943 አኳ ላንግ የተባለውን መሣሪያ ከሠሩ ጀምሮ፣ ሲሳብ ብቻ አየር የመስጠት መሠረታዊ ሐሳብ አልተለወጠም። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ የ17 ዓመት ዕቃ ዛሬም ከአዲሱ ብዙም ሳያንስ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያረጁት በአብዛኛው ጎማዎቹ፣ ቱቦዎቹና ለስላሳዎቹ የቫልቭ መቀመጫዎች (ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍባቸው ክፍሎች) ናቸው፤ እነዚህ ሁሉ ይለወጣሉ። ክሮም የተቀባው የናስ አካል ግን አንዴ ከተበላ አይመለስም።

ወደ ባለሙያ ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ መታየት የሚችለውን ሁሉ አየሁ። መጀመሪያ የተመለከትኩት አየር ከሲሊንደሩ ሲገባ የሚያልፍበትን ትንሽ የብረት ማጣሪያ ነው። ቡናማ ወይም ቀይ ቀለም ከታየበት የሲሊንደር ዝገት መግባቱን፣ ጥቁር ዱቄት ከታየበት የአየር መሙያው ከሰል ማለፉን፣ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ውኃ ገብቶ ናሱን መብላት መጀመሩን ይጠቁማል። የእኔው ማጣሪያ በትንሹ ከመደብዘዙ በቀር ንጹሕ ነበር። የወዳጄ ግን ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ቀለበት ነበረበት። በዚያን ጊዜ ለዚህ ተገቢውን ክብደት አልሰጠሁትም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ደረጃ መግቢያ በክዳኑ ዘግቼ በአፌ በቀስታ ሳብኩ። አየር ከየትም ካልገባ የሁለተኛው ደረጃ ዲያፍራም (ሲሳብ ቫልቩን የሚከፍተው ስስ ሽፋን) እና የትንፋሽ ማስወጫው ጎማ አልተቀደዱም ማለት ነው። ሁለቱም ፈተናውን አለፉ። ቱቦዎቹን ግን ባላይ ይሻለኝ ነበር። ጫፋቸው ላይ ያለውን የጎማ መከላከያ ወደ ኋላ ስገፋው፣ ጎማው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ መስመር አገኘሁ። መከላከያው ባለበት ቢቆይ ኖሮ በጭራሽ አይታይም ነበር። ከቱቦዎቹ አንዱ ደግሞ በክር የተሸመነ ልባስ ያለው ዓይነት ነው። ከእነዚህ ቱቦዎች በአንዳንዶቹ ውስጠኛው የፖሊዩሬታን ሽፋን በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽቶ እንደ ክሪስታል ያለ ነገር በመሥራት የአየሩን መንገድ የዘጋበት ሁኔታ ስለታወቀ፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም አላመንኩትም። ቱቦዎቹን በሙሉ ለወጥኩ። ከጠቅላላው ወጪ ያላሰብኩት ክፍል ይህ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው የመካከለኛ ግፊት መለኪያ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን በሚሞላው ቱቦ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። የወዳጄ ሬጉሌተር 9.6 ላይ ቆመ፣ አልተንቀሳቀሰም። የእኔ ግን 9.5 ላይ ከቆመ በኋላ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 11 አለፈ። ይህ ማለት የመጀመሪያው ደረጃ የቫልቭ መቀመጫ አጥብቆ አይዘጋም፣ ከፍተኛው ግፊት በትንሽ በትንሹ እያለፈ ነው ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ፍረድ ብባል የራሴን ጥዬ የወዳጄን እይዝ ነበር።

ባለሙያው ሁለቱንም ፈትቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ተገለበጠ። የእኔ ጥፋት ከአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ የማያልፍ ሆኖ ተገኘ። የወጣውን አሮጌ መቀመጫ እንዲመልስልኝ ጠይቄ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ የፒስተኑ (መቀመጫው ላይ እየተጫነ አየሩን የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ጠርዝ ለዓመታት ሲጫነው የቀረጸው ክብ ሰርጥ በግልጽ ይታያል፤ በአንድ በኩል ከሌላው ጠልቋል። የፒስተኑ ጠርዝ ግን ጭረት አልነበረውም፣ የመለዋወጫው ኪትም ዛሬም ይመረታል። በወዳጄው ሬጉሌተር ውስጥ ደግሞ አረንጓዴው ቀለበት ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ የከፍተኛ ግፊቱ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ናሱን በመርፌ እንደተወጋ አድርጎ ቦርቡሮታል። አሮጌው ኦሪንግ በዕድሜው ከጉድጓዶቹ ጋር ተላምዶ ለጊዜው ይዞ ነበር እንጂ አዲስ ኦሪንግ በዚያ ላይ ይዘጋል ብሎ ማመን አይቻልም። በዚያ ላይ የዚያ ሞዴል መለዋወጫ መመረቱ ቆሟል። መለኪያው አልዋሸም፤ የነገረኝ ግን የዚያን ቀኑን ብቻ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መለዋወጫው ይገኛል ወይ የሚለው ነው፤ ቀጥሎ ብረቱ ደህና ነው ወይ። ሁለቱም መልሳቸው አዎ ከሆነ የሚያፈስ ሬጉሌተር እንኳን ይጠገናል። አንዱ አይደለም ከተባለ የማያፈሰውም ቢሆን ይሰናበታል።

የተጠገነው ተፈትቶ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ታጥቦ፣ ኦሪንጎቹና መቀመጫዎቹ ተለውጠው ሲመለስ ቀጥታ ወደ ጥልቅ ውኃ አልወሰድኩትም፤ ባለመውሰዴም ደስ ይለኛል። በሦስተኛው መጥለቅ 18 ሜትር ላይ ከሁለተኛው ደረጃ ሳልስብ ጥቂት ጥቂት አረፋ መውጣት ጀመረ። ወጥቼ በመለኪያ ስፈትነው መካከለኛው ግፊት 9.5 ላይ ረግቷል። ግፊቱ እየወጣ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የመጀመሪያው ደረጃ ይሆን ነበር፤ ረግቶ ሳለ የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥፋቱ ያለው አፍ ላይ በሚያዘው ክፍል ነው። አዲሱ ለስላሳ መቀመጫ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጭኖ ቅርጹን ስለያዘ፣ ባለሙያው እንደገና በጥቂቱ አስተካከለውና ቆመ። የዚህ ዓይነቱ ቫልቭ ሲበላሽ አየር ወደ መዝጋት ሳይሆን ወደ መልቀቅ እንዲያደላ ተደርጎ የተሠራ መሆኑ፣ በዚያች ደቂቃ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየወሩ መካከለኛ ግፊቱን እየለካሁ ጻፍኩ። ለስምንት ወራት 9.5፣ ከዚያ 9.6፤ አንድ ጊዜም ሲወጣ አላየሁም። ለመሳብ የሚጠይቀውን ኃይል ደግሞ በውኃ ሳህን እለካለሁ፦ ሁለተኛውን ደረጃ የአፍ መያዣውን ወደ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ስነክረው አየር መፍሰስ በሚጀምርበት ቅጽበት ከውኃው ወለል እስከ ዲያፍራሙ ያለው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሰርቪሱ በፊት ወደ 5 ይጠጋ ነበር። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ግን መንጋጋና ደረት ያውቁታል።

አብሮኝ ከሚጠልቅ ጓደኛዬ አዲስ ሬጉሌተር ተውሼ በ30 ሜትር አወዳድሬያለሁ። በዚያ ጥልቀት ግፊቱ 4 ባር፣ የሚተነፈሰውም አየር ከወለሉ አራት እጥፍ የወፈረ ስለሆነ ድክመት ካለ የሚታየው እዚያ ነው። በዝግታ ስዋኝ ልዩነት አላገኘሁም። ከውኃው ፍሰት ጋር እየታገልኩ በፍጥነት ስተነፍስ ግን አዲሱ በግልጽ ይቀላል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የእኔው ከዚህ ሌላ ከባድ ነው፣ የቱቦ ማሰሪያ ቀዳዳዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ቱቦዎቹ እንደልብ አይደረደሩም። ውስጡም ከውኃ የተከለለ ስላልሆነ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ውኃ አልጠቀምበትም፤ ለቀዝቃዛ ውኃ የሚያስብ ሰው ለዚያ ተብሎ የተፈተነ አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል እላለሁ።

አያያዜንም ለውጫለሁ። ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ ክዳኑን አድርቄ ከዘጋሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ግፊት ሳይኖረው የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ በፍጹም አልጫንም፤ ምክንያቱም ቫልቩ ተከፍቶ ውኃው በቱቦው በኩል ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይገባል። የወዳጄ ሬጉሌተር የተበላው በዚህ ዓይነት መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ አምራቾች በዓመት አንዴ ወይም ከ100 መጥለቅ በኋላ ሰርቪስ እንዲደረግ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ዓመት ይፈቅዳሉ። የእኔ መርፌ እስካሁን ረግቶ ስላለ ለምርመራ ብቻ ወስጄው፣ መፈታት ካላስፈለገው እንዳይፈታ ጠይቄያለሁ።

የተሰናበተው አሁንም መደርደሪያ ላይ አለ። ማንም ሳያውቅ ሲሊንደር ላይ እንዳያስረው የማሰሪያውን ቀንበርና ብሎኑን አውልቄ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።