መገናኛ የገዛኋት የፒሲ ጆይስቲክ፣ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ስዊች ሳታዩ እንዳትመልሷት

ይቺን ጆይስቲክ ከገዛሁ ሶስት ሳምንት ሆነኝ። ብራንድ የላትም፣ መገናኛ ካለ አንድ ሱቅ ነው ያመጣኋት፣ በሁለተኛው ቀን ልመልሳት ተነስቼ ነበር አሁን ግን ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንጫወተው በሷ ነው። ልጽፍላችሁ የፈለኩት ብዙ ሰው እንዲህ አይነት እቃ ገዝቶ "ኮፒ ነው በቃ" ብሎ ስለሚጥለው ነው፣ የኔዋ ግን አልተበላሸችም ነበር፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው ያልተግባባችው።

እቃነቷን ቶሎ ልጨርስ። አያያዟ ይመቻል፣ በተኖቹ ጠንከር ይላሉ ግን ይለመዳል፣ ገመዷ አጠር ይላል። ዋናው ነገር ጀርባዋ ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች ናት፣ በአንድ በኩል ኤክስ በሌላው ዲ ትላለች፣ ሻጩን ምንድናት ስለው "እሷን አትንካት ወንድሜ" አለኝ፣ እኔም አልነካኋትም፣ ዲ ላይ ነበረች።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔ ላይ ሰካኋት፣ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ነው ምጠቀመው፣ የመኪና ጌም ከፈትኩ፣ እጄን ሳላሳርፍባት ነዳጁም ፍሬኑም እኩል ግማሽ ድረስ ተረግጠው መኪናው ቆሞ ይጮሃል። ወንድሜ ዊንዶውስ ላይ ደሞ የኳስ ጌሙ ጭራሽ ጆይስቲክ መሰካቱንም አላወቀም።

ከዛ ኢቪቴስት በምትባል የሊኑክስ ፕሮግራም ስለራሷ ምን እንደምትል አየሁ። አብዛኛው የዩኤስቢ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ጆይስቲክ ሲሰካ ስለራሱ የሚናገርበት ኤችአይዲ የሚባል ስርአት አለ፣ በፈረንጅ ከ1996 ጀምሮ የነበረ ነው፣ እቃው ይሄን ያህል በተን አለኝ ይሄን ያህል አክሲስ (እንደ ግራና ቀኝ ያለ የእንቅስቃሴ መስመር) አለኝ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል ብሎ ዝርዝሩን ይሰጣል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ተቀብሎ ለጌሙ ያቀብላል። የኔዋ "ጆይስቲክ ነኝ" ነው ያለችው፣ "ጌምፓድ ነኝ" አላለችም፣ ኤችአይዲ ላይ ደሞ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር አላቸው፣ ስለዚ ሊኑክስ በተኖቿን በአውሮፕላን መንጃ ዱላ ስም ነው የጠራቸው፣ አንደኛዋ ትሪገር ሁለተኛዋ ተምብ አራተኛዋ ቶፕ ተብላለች።

የነዳጁ ነገር የመጣው ዜድ ከሚባለው አክሲስ ነው። ዲ ላይ ስትሆን የቀኙን አናሎግ (በአውራ ጣት የምትገፋውን ዱላ) ግራና ቀኝ ዜድ፣ ላይና ታች አርዜድ ብላ ነው ያስመዘገበችው። የማይክሮሶፍቱ ጌም ማሽን የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክ ግን ሊኑክስ ላይ ዜዱ የግራ ትሪገር (በሌባ ጣት የሚጎተተው) አርዜዱ የቀኝ ትሪገር ነው፣ የመኪና ጌም ላይ ፍሬንና ነዳጅ ማለት ነው። አናሎግ ሳይነካ መሀል ላይ ነው ሚቆመው፣ 128 አካባቢ፣ ትሪገር ግን ሳይነካ 0 ነው። ጌሙ ኤክስቦክስ ናት ብሎ ስላሰበ 128 ሲመጣለት ግማሽ ተረግጧል ብሎ ተረዳው። ጆይስቲኳ አልዋሸችም፣ ዜድ የሚለው ስም ብቻውን የትኛው ጣት እንደሚነካው አይናገርም እኮ።

ዊንዶውስ ላይ ጌሞች ጆይስቲክ የሚያነቡባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የድሮው ዳይሬክትኢንፑት (የስዊቿ ዲ) እስከ 8 አክሲስ እና እስከ 128 በተን ይቀበላል ግን የቱ ምን እንደሆነ ጌሙ ራሱ ይወቀው ብሎ ነው ሚተወው። በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር የመጣው ኤክስኢንፑት (የስዊቿ ኤክስ) ደሞ ቅርጹን አንዴ ወስኖታል፣ ሁለት አናሎግ፣ ሁለት ትሪገር፣ ኤ ቢ ኤክስ ዋይ፣ ቢበዛ 4 ጆይስቲክ፣ አለቀ። የወንድሜ ጌም የሚጠይቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስዊቿን ኤክስ ላይ አርጌ መልሼ ስሰካት ራሷን ኤክስቦክስ 360 ነኝ ብላ አስተዋወቀች፣ ኡቡንቱ ራሱ በዛ ስም ነው የጻፋት፣ ኳሱም መኪናውም ወዲያው ሰሩ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ያላለኝ ነገር አለ፣ አንድ እቃ ለመስራት የሌላ እቃ ስም መዋስ የለበትም። ለኔ ኤስዲኤል የሚባለው ላይብረሪ (ጌም ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) የሚያደርገው ይሻላል፣ እቃውን በመለያ ቁጥሩ አውቆ ሰዎች ካዋጡት ዝርዝር ውስጥ የቱ በተን ምን እንደሆነ ይፈልግለታል። ችግሩ ርካሾቹ ጆይስቲኮች ብዙዎቹ አንድ መለያ ቁጥር ስለሚጋሩ ለአንዷ የተጻፈው ለሌላዋ ሊሰጥ ይችላል።

ስልክ ላይም በኦቲጂ (የዩኤስቢ እቃ ስልክ ላይ የሚያሰካ ገመድ) ሞክሬያታለሁ፣ ዲ ላይ ሆና አናሎጎቹ ልክ ናቸው ምክንያቱም አንድሮይድ ዜድና አርዜድን የቀኝ አናሎግ ነው ሚላቸው፣ በተኖቹ ግን በተን 1 በተን 2 እየተባሉ ስለሚመጡ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ አንድ በአንድ ማስተካከል አለባችሁ።

አንድ ነገር ግን በስዊችም አይስተካከልም። ኤክስ ላይ ሆና ትሪገሮቿ ከ0 እስከ 255 እንደሚሄዱ ተደርገው ነው የሚመዘገቡት፣ ቀስ አርጌ ስጫን ግን ከ0 ቀጥታ 255 ነው ሚዘለው፣ መሀል የለም፣ ውስጡ ተራ በተን ነው ማለት ነው፣ ሲስተሙም የነገሩትን ነው ሚያምነው። ስለዚ ለኳስ ከሆነ ግዟት፣ መኪና በደንብ ለምትነዱ ግን ነዳጅ ቀስ ብሎ መርገጥ ስለሌለ አትሆናችሁም። ስዊቿን ወንድሜ ኤክስ ላይ እንዳለች በፕላስተር ለጥፏታል።