አናካፓ ወይስ ሳንታ ክሩዝ? የጀልባውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

እዚህ ሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ጓደኞቼ ስለ ቻናል አይላንድስ ደሴቶች የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «ደሴቶቹ ጋ የቱ ይሻላል? ስንት ያስወጣል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም ብጽፈው ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሳንታ ክሩዝ ሂዱ። እዚያም ስኮርፒዮን የሚባለው ቦታ ውረዱ።

ደሴት ሲባል ካታሊናን የሚያስብ ብዙ ነው። ካታሊና ግን የብሔራዊ ፓርኩ አካል አይደለችም። ከ1980 ጀምሮ ቻናል አይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ የሚባሉት አምስት ደሴቶች ናቸው፦ አናካፓ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሳንታ ሮዛ፣ ሳን ሚጌልና ሳንታ ባርባራ። ካታሊና ላይ ሆቴሉም ሬስቶራንቱም አለ፤ ኪስ የሚያራግፈውም እሱ ነው። ፓርኩ ውስጥ አንድ ኪዮስክ እንኳ የለም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ፓርኩ መግቢያ አያስከፍልም። ስለዚህ የብሔራዊ ፓርኮችን የዓመት ፓስ ለዚህ ጉዞ ብላችሁ አትግዙ። ገንዘቡን የሚበላው ጀልባው ነው። ከቬንቹራ ወደብ ደርሶ መልስ ለአንድ አዋቂ 70 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለልጅ ትንሽ ይቀንሳል። አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ 300 ዶላር ገደማ ወጣ ማለት ነው። ቤንዚን ሲጨመር ደግሞ አስቡት፤ ከሎስ አንጀለስ ቬንቹራ 70 ማይል ያህል ነው። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሚኒቫን ቢሄድ ጥሩ ቅናሽ ነው።

የአናካፓና የሳንታ ክሩዝ ትኬት ዋጋ ተቀራራቢ ነው። እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ አናካፓ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው በጣም ያነሰ ነው።

አናካፓ ስትደርሱ መጀመሪያ መሰላል፣ ከዚያ 157 ደረጃ ይጠብቃችኋል። ከአገር ቤት የመጡ እናቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህን ሳይነግሩት ትኬት ማስቆረጥ ነውር ነው። ላይ ከወጣችሁ በኋላ ያለው የእግር መንገድ በጠቅላላው 2 ማይል ገደማ ነው። የሚጠጣ ውሃ የለም፣ ጥላ የለም። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ልጆች የሚጫወቱበት የባሕር ዳርቻም የለም። ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ደግሞ የባሕር ወፎቹ እንቁላል ጥለው ጫጩት የሚያሳድጉበት ጊዜ ነው። በሺዎች ናቸው። ጩኸታቸውና የኩሳቸው ሽታ አብሯችሁ ይውላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው እንግዲህ በዚሁ ወቅት ነው።

አናካፓን የማመሰግንበት ጊዜ አለ። ዝናቡ ጥሩ በሆነ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ኮሪዮፕሲስ የተባለው አበባ ደሴቷን ቢጫ ያለብሳታል። የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብቻ ይሄኛው ግንድ አውጥቶ ቁመቱ የሰው ያህል ይሆናል። ጉልበታችሁ ጠንካራ ከሆነና ልጅ ካልያዛችሁ ያኔ ሂዱ።

ሳንታ ክሩዝ ከሁሉም ትልቋ ናት። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲወርዱ አጭር መሰላል ሊኖር ይችላል እንጂ እንደ አናካፓው ዓይነት አቀበት የለም። ስኮርፒዮን ላይ የሚጠጣ ውሃ፣ ጠረጴዛና ሽንት ቤት አለ። አቅመ ደካማ ሰው ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ይውላል። መሄድ የሚችል ካቨርን ፖይንት ደርሶ ይመለሳል፣ 2 ማይል ነው። የባሰበት ፖቴቶ ሃርበር ድረስ 5 ማይል ደርሶ መልስ ይሄዳል።

ቀበሮዎቹን ደግሞ ማየታችሁ አይቀርም። የድመት ያህል ናቸው። በ1990ዎቹ ንስሮች ሊጨርሷቸው ደርሰው ነበር። በ2004 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገቡ፣ በ2016 አገግመው ወጡ። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ግን ምግብ አትስጧቸው። ቀበሮውም ቁራውም የቦርሳ ዚፕ ይከፍታል። ምግቡን እዚያ ባለው የብረት ሳጥን ዝጉበት።

ጀበና ለምትይዙ፦ ከሰልም እንጨትም ክልክል ነው። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ብቻ፣ እሱም ለሚያድር ሰው በካምፑ ውስጥ ነው። ለቀን ጉዞ ቡናውን በፔርሙዝ ያዙ።

ማደር ከፈለጋችሁ የካምፕ ቦታው ለአንድ ሌሊት 15 ዶላር ገደማ ነው። ለሚያድር ሰው የጀልባው ትኬት ከቀን ተመላሹ ይወደዳል። መጀመሪያ ጀልባውን ያዙ፣ ከዚያ ካምፑን። ካምፕ ይዘው ጀልባ ሞልቶባቸው የቀሩ አሉ።

ድንኳን ላይ ግን አትቆጥቡ። አንድ ጓደኛዬ የታወቀ ብራንድ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ድንኳን በ40 ዶላር ገዛ። በመጀመሪያው ሌሊት ነፋሱ ዘንጉን ሰነጠቀው። በፕላስተር አሰርነው፣ ደግሞ ተሰበረ። ወደ ከተማ ይዞት ሲመለስ ጠጋኙ «ለዚህ የሚሆን ዘንግ የለም» አለው። ቀዳዳዎቹ ከማንኛውም መደበኛ ዘንግ ጋር አይገጥሙም። ደሴቱ ላይ መለዋወጫ የሚገዛበት ሱቅ ስለሌለ ሌሊቱን በብርድ ነው ያደርነው። ደህና ድንኳን መከራየት ይሻላል። ለመግዛት ከወሰናችሁ ዘንጉ ለብቻው እንደሚሸጥ ጠይቁ። ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ፤ የውስጡ ስፌት ላይ ውሃ የሚከለክል ቴፕ ከሌለ ተዉት።

ባሕር ለሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ጀልባው ከመነሳቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰድ። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።